የላላ መሪ ከመኪና ዋጋ ላይ ስንት ያስቀንሳል?

ቅዳሜ ጠዋት በአዲስ አበባ ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡባቸው መንገዶች ዳር የሚታየው ድርድር በአብዛኛው አንድ ዓይነት መልክ አለው። ገዢው መኪናውን ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ኮፋኖ ይከፈታል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ሊብሬው ይታያል። ቀጥሎ ገዢው መሪውን ይዞ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይነዳና ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ይወርዳል። “መሪው ላልቷል” ይላል። ባለቤቱ “አሮጌ መኪና አይደል እንዴ? ይሄ እኮ ባሕርይው ነው” ብሎ ይመልሳል። ደላላው ደግሞ በሁለቱ መካከል ገብቶ “የአንድ ብሎን ጉዳይ ነው ጌታዬ፤ ጋራዥ ወስደን አሁኑኑ እናስጠብቀዋለን” በማለት ነገሩን ያለሳልሰዋል።

በእነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ብዙ ገንዘብ አለ። ሦስቱም ሰዎች ስለ አንድ መሪ ይናገሩ እንጂ ስለ አንድ ብልሽት አይናገሩም። የመሪ መላላት የጎማ ነፋስ ማነስን ያህል ቀላል፣ የሻንሲ መሰንጠቅን ያህል ከባድ ነገር ሊያመለክት ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ደግሞ ከአንድ ነጋዴ የወር ትርፍ ሊበልጥ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚደረግ ድርድር ግምት በግምት ላይ የሚደረደርበት ድርድር ነው።

አሮጌ መኪና ለምን ተፈላጊ ሆኖ ቀጠለ?

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከአዲሶቹ ይልቅ አገልግለው በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አብሮ ተነሳ።

የእነዚህ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ለገበያ ሰው ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በቀላሉ የማይተካ ሀብት ሆኗል። በሌላ አገር ቢሆን ወደ ቁርጥራጭ ብረት የሚሄድ ኮሮላ እዚህ የአንድ ቤተሰብ ትልቁ ንብረት ነው። ስለዚህ የመኪናውን ጉድለት ለይቶ ማወቅና በተገቢው መንገድ ማስጠገን የመካኒክ ብቻ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የባለሀብቱም ሥራ ሆኗል።

“ላልቷል” ሲባል ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። ገዢዎች “መሪው ላልቷል” እያሉ አራት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራሉ።

አንደኛው መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከጎማ ነፋስ አለመመጣጠን፣ ከአላይመንት መዛባት ወይም በአንድ ጎማ ላይ ከተያዘ ፍሬን ይመጣል። ሁለተኛው በተወሰነ ፍጥነት ላይ መሪው ሲንቀጠቀጥ ነው። ይህ በአብዛኛው የጎማ ሚዛን አለመስተካከል ወይም የተጣመመ ቸርኬ ውጤት ነው። በቮልስ ላይ ከሆነ ደግሞ በመሪው ላይ ያለው የንዝረት ማብረጃ ማርጀቱን ሊያመለክት ይችላል። ሦስተኛው መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲንከራተት ነው። አራተኛው፣ ትክክለኛው የመሪ መላላት፣ መሪው ሲዞር ጎማው ሳይንቀሳቀስ የሚባክን ባዶ እንቅስቃሴ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። ጎማው የተበላ ወይም ነፋሱ ያነሰ መኪና መሪው ምንም ሳይላላ ሊንከራተት ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ምርመራ በነፋስ መለኪያ ቢጀመር ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ባዶው እንቅስቃሴ ይለካል

የመሪ መላላት በስሜት ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ በማስመሪያ ይለካል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎች ቀጥ ይደረጋሉ። መሪው በሁለት ጣት ወደ ግራ ቀስ ተብሎ ሲዞር የፊት ጎማው መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ነጥብ ይታያል፤ በመሪው ጠርዝ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ወደ ቀኝ ተዞሮ ጎማው ሲነቃነቅ እንደገና ምልክት ይደረጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ባዶው እንቅስቃሴ ነው። መሪው በኃይል የሚታገዝ ዓይነት ከሆነ መለኪያው ሞተሩ እየሠራ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል።

ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ላዳ፣ እንደ ፋብሪካው መመሪያ፣ ከ5 ዲግሪ ያልበለጠ ባዶ እንቅስቃሴ ይፈቀድለታል። ይህም በመሪው ጠርዝ ላይ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚያስቀምጡት ጣሪያ ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ያለፈ መኪና “ባሕርይው ነው” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ይህ ትንሽ ልኬት በድርድሩ ላይ ያለው ኃይል ቀላል አይደለም። “ላልቷል” እና “አልላላም” የሚሉ ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሊከራከሩ ይችላሉ። “45 ሚሊ ሜትር ነው” ከተባለ ግን ክርክሩ ያበቃል፤ የሚቀረው ጥያቄ ምክንያቱ የት ነው የሚለው ብቻ ይሆናል።

ሁለት የመሪ ቤተሰቦች

በገበያ ላይ ያሉ አሮጌ መኪኖች በመሪ አሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በመሪ ሳጥን የሚሠራው ነው። ላዳ፣ ቮልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የኋላ ጎማ የሚገፋው ኮሮላ፣ እንዲሁም አሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች በዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው በጥርስ ዘንግ የሚሠራውና የፊት ጎማ በሚጎትታቸው በኋለኞቹ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው ነው።

በሳጥን የሚሠራው መሪ መገጣጠሚያው ብዙ ነው። ላዳን ለምሳሌ እንውሰድ። ላዳ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የኢጣሊያው ፊያት 124 ሲሆን፣ በሶቭየት ኅብረት መመረት የጀመረው በ1970 ነው። መሪው ሲዞር ዘንጉ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ያዞራል፤ ጠመዝማዛው የሳጥኑን ክንድ ያወዛውዛል፤ ክንዱ መካከለኛውን ዘንግ ይገፋል። በሌላው ወገን ረዳት ክንድ መካከለኛውን ዘንግ ይደግፋል። ከክንዶቹ የሚነሱ ሁለት የጎን ዘንጎች ደግሞ ጎማዎቹን ያዞራሉ። በእነዚህ ሦስት ዘንጎች ጫፍ ላይ በድምሩ 6 የኳስ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ በጋራዥ ቋንቋ ቴስቲና የሚባሉት ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቴስቲና ጥቂት ቢላላ እንኳ የ6ቱ ድምር፣ የረዳት ክንዱ ቡሽና የሳጥኑ ክፍተት ተጨምሮበት፣ መሪው ላይ ሲደርስ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ “አንድ ብሎን” የሚለው የደላላ መልስ ከነገሩ አሠራር ጋር እምብዛም አይስማማም።

እንቅስቃሴው የሚሞትበት ቦታ

ልምድ ያለው መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ እንደቆመ አንዱ መሪውን በአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ይመለከታል፤ መገጣጠሚያዎቹንም በእጁ ይዳስሳል። ምርመራው ከመሪው ተነስቶ ወደ ጎማው ይሄዳል፤ ደንቡም አንድ ነው፦ እንቅስቃሴው የሚሞትበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ነው።

የመሪው ዘንግ እየተንቀሳቀሰ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ጫፍ ዘግይቶ ከተነሳ ችግሩ በመካከል ያለው ማያያዣ ላይ ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ዞሮ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ቆሞ ከጠበቀ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ክንዱ ሄዶ መካከለኛው ዘንግ ከዘገየ ቴስቲናው ነው። ረዳት ክንዱ ወደ ጎን በመሄድ ፈንታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነሳ ከሆነ ቡሹ አልቋል። ሳጥኑ ራሱ በተያዘበት ቦታ ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ወይ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይ የተያዘበት የሻንሲ ብረት ተሰንጥቋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው። ከሥሩ በአዲስ ቀለም ወይም በጥቁር ሬንጅ የተሸፈነ መኪና ሲያጋጥም በዚህ ቦታ ላይ ያለው ሽፋን ተፍቆ ቢታይ ገዢው አያፍርም።

ቀጥሎ የፊት ጎማዎች በክሪክ ይነሳሉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለምና ሰው ከመኪናው ሥር ከመግባቱ በፊት ጠንካራ መቆሚያ መደረግ አለበት። ጎማው በግራና በቀኝ ጎኑ ተይዞ ሲወዘወዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ነገሩ በአብዛኛው የመሪ ዘንጎችን ይመለከታል። ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ወይ ኩሽኔታው ነው፣ ወይ ጎማውን የሚሸከሙት የኳስ መገጣጠሚያዎች ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ይደረጋል። ፍሬኑ ተረግጦ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። በላዳና በኋላ ገፊዎቹ ኮሮላዎች ላይ የፊት ኩሽኔታ የሚስተካከል ስለሆነ፣ ካልተበላ በቀር፣ ማስተካከያው ከጉልበት ዋጋ የዘለለ ወጪ የለውም።

በጥርስ ዘንግ በሚሠራው መሪ ላይ የሚታዩት ቦታዎች ያነሱ ናቸው። እነርሱም የውጭ ቴስቲናዎች፣ በጎማ ሽፋን ውስጥ የተደበቁት የውስጥ መገጣጠሚያዎች፣ የመሪው ቤት የታሰረባቸው ጎማዎችና ጥርሶቹ ራሳቸው ናቸው። ሽፋኑ ከተቀደደ አቧራና ውኃ ገብቶ ውስጡን ስለሚበላው የተቀደደ ሽፋን ነገ የሚመጣ ወጪ ምልክት ነው።

የደላላው ብሎን

ደላላው የሚናገርለት ብሎን በእርግጥ አለ። ከመሪ ሳጥኑ ላይ በዳዶ የተቆለፈ ማስተካከያ ብሎን ይገኛል፤ ሲጠብቅ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ክፍተት ይቀንሳል፤ መሪውም ወዲያው የተስተካከለ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚጨርሰው ቀጥታ በመሄድ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ ውስጥ በብዛት የሚበላው መካከሉ ላይ ሲሆን ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቆያል። ብሎኑ ለመካከሉ እንዲበቃ ተደርጎ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ መሪው ወደ ዳር ሲዞር ይይዛል። ከመታጠፊያ በኋላም በራሱ አይመለስም፤ ያልተበላው ክፍልም ቶሎ ይበላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ብልሽቱ ቴስቲና ላይ ሆኖ ሳለ ሳጥኑን ማጥበቅ ነው። የላላው እንደላላ ይቀራል፤ ደኅና የነበረው ግን ይበላሻል። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንደሚባለው፣ ለሽያጭ ሲባል የጠበቀ መሪ ብዙም ሳይቆይ ገዢው እጅ ላይ ይላላል።

በአግባቡ ሲሠራ ማስተካከያው የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ሲረጋገጥ ጎማዎቹ ቀጥ ይደረጉና ዘንጎቹ ከሳጥኑ ክንድ ይለያያሉ። ዳዶው ይላላል፤ ብሎኑ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃል። በየመካከሉ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ የትም ቦታ መያዝ የለበትም። ከያዘ ወደኋላ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ተስተካክሎም መካከሉ የሚላላ ከሆነ ሳጥኑ አርጅቷል፤ መፍትሔው መለወጥ ወይም ውስጡን ማደስ ነው።

የሳጥኑ ዘይትም መታየት አለበት። የላዳ የመሪ ሳጥን የሚይዘው 0.215 ሊትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም። በማሸጊያው በኩል የሚያፈስ ሳጥን ይህን ዘይት ሲጨርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ማሸጊያውን በመለወጥ ፈንታ ግራሶ ማጨቅ ፍሳሹን ይደብቃል እንጂ ሳጥኑን አያድንም፤ ግራሶ እንደ ዘይት ተመልሶ ጥርሶቹ መካከል አይፈስምና።

ቴስቲና ሲለወጥ

በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብልሽት የቴስቲና ማለቅ ነው። ጥገናው ውስብስብ ባይሆንም ሥርዓት አለው። አሮጌው ከመፈታቱ በፊት የገባበት ጥርስ ይቆጠራል፤ አዲሱም በዚያው ልክ ይገባል፤ መኪናው ቢያንስ እስከ አላይመንት ቦታ ድረስ በደኅና እንዲሄድ ማለት ነው። በአንድ ጎን ያለው ካለቀ የሌላውም ዕድሜ ተቀራራቢ ስለሆነ በጥንድ መለወጡ የሁለት ጊዜ ጉልበትና የሁለት ጊዜ አላይመንት ወጪን ያስቀራል። ዳዶው እንዳይፈታ የሚሻገረው ሽቦ አዲስ መሆን አለበት፤ አሮጌውን አጥፎ መመለስ ለጥቂት ሳንቲም ሲባል ሕይወትን ማስያዝ ነው። በመዶሻ አፉን አጥብቦ ወይም በብየዳ ነካክቶ መመለስም እንደዚሁ ነው። ቴስቲና ሲወልቅ ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ውጭ ይሆናል። ይህ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ ቢሆን ምን እንደሚያስከትል ማንም ያውቃል።

ከለውጡ በኋላ አላይመንት የግድ ነው። ይህን የዘለለ ባለንብረት መሪው ተስተካከለ ብሎ ሲደሰት ጎማዎቹ ሳይታወቁ ይበላሉ። በአሁኑ የጎማ ዋጋ ደግሞ ይህ ከጥገናው ራሱ የሚበልጥ ኪሳራ ነው።

መለዋወጫውን በተመለከተ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለም አዲስም ይገኛል። ላገለገለ ኮፋኖ ወይም በር ክርክር የለም። የመሪ ቴስቲና ግን ዕድሜው በውስጡ የሚቆጠር ዕቃ ስለሆነ ያገለገለ መግዛት የሌላ ሰው ብልሽት መግዛት ነው። ሙሉ የመሪ ሳጥን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ለአሮጌ ሞዴሎች አዲስ ማግኘት ስለሚያስቸግር ያገለገለ መግዛት ግድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ከመከፈሉ በፊት በእጅ ከዳር እስከ ዳር ተዞሮ መካከሉ ላይ መላላቱ፣ ዳሩ ላይ መያዙ ይፈተሻል።

ያለማወቅ ዋጋ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳይቷል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅ ከሆነ ገዢው ሁሉንም መኪና እንደ መጥፎ ገምቶ ዋጋ ያወርዳል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። አከርሎፍ በዚህ መስክ ባበረከተው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ሌሎች ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ለአዲስ አበባ ነጋዴ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በየቅዳሜው የሚያየው ነው።

ለስሌት ያህል በግምት ቁጥር እንመልከተው። 700 ሺሕ ብር የተጠራበት መኪና መሪው ላልቷል እንበል። ምክንያቱ ኩሽኔታ ማስተካከል ብቻ ከሆነ 2,000 ብር ይበቃል፤ ቴስቲናዎችና ረዳት ክንድ ከሆኑ ከነአላይመንቱ 28,500 ብር ይፈጃል፤ ሳጥንና ሻንሲ ከሆነ 80 ሺሕ ብር ይደርሳል። ሦስቱም እኩል የመሆን ዕድል ቢኖራቸው አማካዩ 37 ሺሕ ብር ገደማ ነው። ገዢው ግን በአማካይ አያስብም፤ የከፋውን ፈርቶ 80 ሺሕ ብር ይቀነስልኝ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ብልሽቱ ቴስቲና መሆኑን ካወቀ ከ28,500 ብር በላይ አልቀንስም ይላል። በሁለቱ መካከል የቀረው 51,500 ብር የብረት ዋጋ አይደለም፤ ያለማወቅ ዋጋ ነው። ለአንድ ሰዓት ምርመራ ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ ይህን ሁሉ ክፍተት ሊዘጋ ይችላል።

የደላላው ጥቅምም በዚህ ስሌት ውስጥ ይታያል። ኮሚሽኑ 2 በመቶ ነው ብንል ዋጋው በ50 ሺሕ ብር ቢቀንስ ደላላው የሚያጣው 1,000 ብር ብቻ ነው። ሽያጩ ከፈረሰ ግን 14 ሺሕ ብር ያጣል። ስለዚህ የደላላው ጥቅም ከዋጋው ከፍታ ይልቅ በሽያጩ መፈጸም ላይ ነው። ልኬት ይዞ፣ ብልሽቱን ለይቶ፣ “ይህን ያህል ይቀነስ” የሚል ገዢ ደላላውን ከጎኑ ያገኘዋል። “ላልቷል፣ ተዉት” የሚል ገዢ ግን ደላላውን ወደ ብሎኑ ይልከዋል።

ለሻጭም ለገዢም

ሻጩ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ከመሸጡ በፊት ማስጠገንና የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ከነደረሰኛቸው በመኪናው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ያለቀ ቴስቲና በእጁ ይዞ ያየ ገዢ ከማንኛውም ምስክርነት በላይ ያምናል። ሁለተኛው ምርመራውን አስደርጎ ብልሽቱን በግልጽ ተናግሮ በልኩ መቀነስ ነው። ከሁለቱም የሚከፋው መደበቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን ሲረከብ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዘግይቶ የመጣ ቅሬታ ሰሚ ላያገኝ ይችላል።

ለገዢው ደግሞ ምክሩ የቅደም ተከተል ነው። ቦሎ መለጠፉ መኪናው በምርመራው ዕለት የነበረበትን ሁኔታ እንጂ የዛሬውን አይናገርም። ስለዚህ በመጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ልኬት፣ ቀጥሎ ከሥር ምርመራ፣ ቀጥሎ ክሪክ፣ በመጨረሻ ዋጋ። መካኒኩ በሻጩም ሆነ በደላላው ያልተጠራ፣ የሚከፈለውም ሽያጩ ቢፈጸምም ባይፈጸምም እኩል የሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የሚገኝ ብልሽት በድርድር ላይ ያለው ዋጋ ግማሽ አይሞላም።

እነዚህ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራሉ። በየሽግግሩ አንድ ሰው ከሥር ገብቶ እንቅስቃሴው የሚሞትበትን ቦታ ካየ፣ መኪናውም የተቀመጠው ሰውም ይተርፋል። ካላየ ግን ብሎኑ ከሻጭ ወደ ሻጭ እየጠበቀ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሊጠብቅ የሚችልበት ቦታ እስኪያልቅ ድረስ።